የ2008ቱን ዋንጫ ዋጋ ማን ከፈለ? የፖርትስማውዝ እግር ኳስ ክለብ ጉዳይ

በ2010 የጸደይ ወራት የፖርትስማውዝ እግር ኳስ ክለብ የኪሳራ አስተዳዳሪ፣ ማለትም ዕዳውን መክፈል ያቃተውን ክለብ እንዲያስተዳድር የተሾመው ባለሙያ፣ ክለቡ ዕዳ ያለበትን ሰውና ድርጅት ሁሉ ዘርዝሮ አወጣ። ድምሩ ወደ 120 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋል። በዝርዝሩ ውስጥ የቀድሞ ባለቤቶች አሉ፣ የዝውውር ክፍያ የሚጠብቁ ክለቦች አሉ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ አለ። በእነዚህ ግዙፍ ስሞች መሀል ሴንት ጆን አምቡላንስ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ወደ 2,700 ፓውንድ የሚሆን ያልተከፈለ ሒሳብ ይዞ ተሰልፏል። የዚህ ድርጅት በጎ ፈቃደኞች ሰው ስታዲየም ውስጥ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ሮጠው የሚደርሱ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪዎች ናቸው።

ይህን ጉዳይ እንድከታተል ያደረገኝ ያ ቁጥር ነው። አንድ አጥቂ በቀናት ውስጥ የሚያገኘውን ያህል ገንዘብ ለዕርዳታ ሰጪዎች መክፈል ያቃተው ክለብ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በዌምብሌይ የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ ያነሣ ክለብ ነበር። በሁለቱ መካከል ምን ሆነ? (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖርትስማውዝ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ያለች የባሕር ኃይል ከተማ ናት። ክለቡ የተመሠረተው በ1898 ነው፤ ደጋፊው “ፖምፒ” ይለዋል። በ1949 እና በ1950 በተከታታይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1939 ኤፍኤ ካፕን ካነሣ በኋላ ጦርነቱ ውድድሩን ስላቋረጠው ዋንጫውን እስከ 1946 ይዞት ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ግን ባብዛኛው የመውረድ ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሊፈርስ ተቃርቦ ሳለ፣ ትውልደ ሰርብ የሆነው አሜሪካዊ ነጋዴ ሚላን ማንዳሪች በ1999 ገዝቶ አተረፈው። በ2003 በአሠልጣኝ ሃሪ ሬድናፕ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ።

ሜዳው ፍራተን ፓርክ ነው። ይህን ሜዳ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ታሪኩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። በመኖሪያ ቤቶች መሀል የተጣበቀ፣ ወደ 20,000 ሰው ብቻ የሚይዝ አሮጌ ሜዳ ነው። በዚያው ዘመን ኦልድ ትራፎርድ ከ75,000 በላይ፣ አርሰናል አዲስ የከፈተው ኤምሬትስ ደግሞ 60,000 ሰው ይይዙ ነበር። የፖርትስማውዝ የመግቢያ ትኬት ገቢ ጣሪያው በወንበሮቹ ቁጥር ተወስኗል። የፈለገውን ያህል ቢያሸንፍ ከ20,000 ትኬት በላይ ሊሸጥ አይችልም።

በጥር 2006 አሌክሳንደር ጋይዳማክ የክለቡን ግማሽ ገዛ፤ በዚያው ዓመት በጋ ቀሪውን ጠቀለለ። ወጣት ነበር፤ አባቱ አርካዲ ጋይዳማክ በእስራኤል የቤይታር ኢየሩሳሌም ክለብ ባለቤት ነበሩ። ገንዘቡ ሲገባ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነበር። ሊወርድ የተቃረበው ቡድን ተረፈ፤ በቀጣዩ ዓመት 9ኛ፣ በዓመቱ ደግሞ 8ኛ ሆኖ ጨረሰ። በረኛው ዴቪድ ጄምስ፣ ከፊቱ ሶል ካምቤልና ሲልቫን ዲስታን፣ በቀኝ ግሌን ጆንሰን፣ መሀል ላይ ላሳና ዲያራና ሱሌይ ሙንታሪ፣ ፊት ላይ ንዋንኮ ካኑና ጆን ኡታካ፤ በኋላ ጀርሜን ዴፎና ፒተር ክራውች ተጨመሩ። 20,000 ወንበር ያለው ክለብ ይህን ሁሉ ስም በአንድ ላይ ይከፍል ነበር።

ያን ቡድን እኛም ወደነው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ይታይ የነበረው የማንቸስተር፣ የአርሰናልና የቼልሲ ጨዋታ ቢሆንም፣ ካኑን ለሚያስታውስ የአርሰናል ደጋፊ ፖርትስማውዝ እንደ ሁለተኛ ቤት ነበር። መጋቢት 2008 በኦልድ ትራፎርድ ሙንታሪ በፍጹም ቅጣት ምት ማንቸስተር ዩናይትድን ከኤፍኤ ካፕ አስወጣ፤ በረኛ ሆኖ የቆመው ተከላካዩ ሪዮ ፈርዲናንድ ነበር። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ካኑ። ግንቦት 17 ቀን በፍጻሜው ኡታካ ያሻማትን ኳስ የካርዲፍ በረኛ ሲለቃት ያገባት አሁንም ካኑ። 1 ለ 0 አለቀ። በማግስቱ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በባሕሩ ዳር ሜዳ ወጥቶ ቡድኑን ተቀበለ። ከ1939 ወዲህ የመጀመሪያው ኤፍኤ ካፕ ነበር፤ ያን ቀን የነበረው ደስታ እውነተኛ ነው፣ ማንም አይወስድባቸውም።

ሒሳቡን ግን እንየው። በዚያ የዋንጫ ዓመት የክለቡ ጠቅላላ ገቢ ወደ 70 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ አብዛኛው የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ለደመወዝ ብቻ ወደ 55 ሚሊዮን ወጣ። ከገቢው ከሦስት አራተኛ በላይ ማለት ነው። ገና የዝውውር ክፍያው አልተነሣም፤ እሱ በየክፍሉ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሚከፈል ስለሆነ አንድ ተጫዋች ሲመጣ ወጪው ወደፊት ይገፋል። የወኪል ኮሚሽን አለ፣ የባንክ ወለድ አለ፣ የሜዳ ጥገና አለ፣ ጉዞ አለ። በቀጣዩ የውድድር ዓመት ደመወዙ ከጠቅላላ ገቢው በለጠ። አንድ ቤተሰብ ወር ከወር ከሚያገኘው በላይ ለሠራተኛው ደመወዝ ብቻ እየከፈለ ሲኖር ማለት ነው፤ እንጀራው፣ ኪራዩና መብራቱ ከሌላ ሰው ኪስ ይመጣል።

ያ ሌላ ሰው ባለቤቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ደጋፊ፣ ብዙ ጋዜጠኛም፣ የሚስተው ነገር አለ። “ባለሀብቱ ክለቡ ላይ ይህን ያህል ሚሊዮን አፈሰሰ” ሲባል፣ ገንዘቡ በምን መልክ እንደገባ አይጠየቅም። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ባለቤቱ አዲስ አክሲዮን ገዝቶ ገንዘቡን የክለቡ ካፒታል ማድረግ ነው፤ ያ ገንዘብ ተመልሶ አይጠየቅም፤ ክለቡ ከከሰረ አብሮ ይጠፋል። ሌላው ማበደር ነው። ሲበደር ክለቡ የባለቤቱ ንብረት ብቻ ሳይሆን የባለቤቱ ባለዕዳም ይሆናል። የፖርትስማውዝ መንገድ በዋናነት ሁለተኛው ነበር፤ ከጋይዳማክ ብድር በተጨማሪ ወደፊት የሚመጣው የቴሌቪዥን ገንዘብ በመያዣነት እየቀረበ ከባንክ ይበደሩ ነበር።

አጎት ለሠርግ ድንኳኑን፣ ሰንጋውን፣ ባንዱን ሁሉ ሲያቀርብ ዘመድ ስጦታ መስሎት ይመርቃል፣ ይጨፍራል። በመልሱ ማግስት አጎት ደብተር ይዞ ሲመጣ ነው ሙሽሮቹ የሠርጉን ዋጋ የሚያውቁት። ፖርትስማውዝ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ያን ደብተር ሠርጉ ሳይደገስ የጠየቀ ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በየዓመቱ የሒሳብ መግለጫው ለሕዝብ ክፍት ነበር። ሰው ግን የሰንጠረዡን ደረጃ እንጂ የሒሳብ መግለጫ አያነብም፤ እኔም በዚያን ጊዜ ካኑን እንጂ ደብተሩን አላየሁም።

አንድ ነገር ለጋይዳማክ ልመስክርለት፤ የወንበሩ ችግር ገብቶት ነበር። በ2007 ሄርዞግ እና ደ ሜሮን የተባሉት የስዊዝ አርክቴክቶች የነደፉት፣ 36,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም በወደቡ አካባቢ ሊሠራ ዕቅድ ይፋ ሆነ። ስታዲየሙ ቢሠራ ምናልባት ደመወዙን የሚሸከም ገቢ ይፈጠር ነበር። ቅደም ተከተሉ ግን ተገለበጠ። ትልቁን ገቢ የሚፈልገው ቡድን ተገዛ፤ ገቢውን የሚያመጣው ስታዲየም በወረቀት ላይ ቀረ።

የ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ የጋይዳማክ እጅ አጠረ። በጥቅምት ሬድናፕ ወደ ቶተንሃም ሄደ። በኅዳር ኤሲ ሚላን ወደ ፍራተን ፓርክ መጥቶ፣ ፖርትስማውዝ በካቡልና በካኑ ግብ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ ሮናልዲንሆና ኢንዛጊ አቻ አደረጉት። ያቺ ምሽት የዚያ ዘመን ጣሪያ ነበረች። በጥር ዲያራ ለሪያል ማድሪድ፣ ዴፎ ለቶተንሃም ተሸጡ፤ በበጋው ጆንሰን ወደ ሊቨርፑል፣ ክራውች ወደ ቶተንሃም። እንደዚህ ያለ ሽያጭ በጤናማ ክለብ ካዝና ይሞላል። እዚህ ግን የሚገባው ገንዘብ ገና ሳይገባ ባለቤት ነበረው፤ ባንኩ ብድሩን፣ ሌሎች ክለቦች የቀሪ ዝውውር ክፍያቸውን እየጠበቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የ2009/10 የውድድር ዓመት ነው። በአንድ የውድድር ዓመት ውስጥ ክለቡ አራት ባለቤት አየ። ነሐሴ መጨረሻ ጋይዳማክ ለሱሌይማን አል ፋሂም ሸጠ። አል ፋሂም ከዓመት በፊት በማንቸስተር ሲቲ ግዢ ጊዜ የአቡ ዳቢ ገዢዎች ፊት ሆኖ የቀረበ ሰው ስለነበር፣ ደጋፊው ሁለተኛ ሲቲ የሚሆን መስሎት ተስፋ አደረገ። ከስድስት ሳምንት በኋላ 90 በመቶው ለሳውዲው አሊ አል ፋራጅ ተላለፈ። አል ፋራጅን በፍራተን ፓርክ ያየው ሰው ስላልነበረ ደጋፊው በስሙ ላይ ተመሥርቶ “አል ሚራዥ” አለው፤ በበረሃ ውኃ መስሎ የሚታየው እንደ ማለት ነው። ክለቡን የሚያንቀሳቅስ ገንዘብ ከሆንግ ኮንጉ ነጋዴ ባልራም ቻይንራይ በብድር መጣ፤ ወደ 17 ሚሊዮን ፓውንድ፤ መያዣውም ፍራተን ፓርክ። ብድሩ በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር በየካቲት 2010 ቻይንራይ ራሱ ክለቡን ያዘ። የሜዳው ዙሪያ መሬት ደግሞ አሁንም በጋይዳማክ ኩባንያ እጅ ነበር።

የፕሪሚየር ሊጉ የባለቤቶች መመዘኛ እነዚህን ሰዎች እንዴት አሳለፈ? መመዘኛው የሚጠይቀው ሰውየው በማጭበርበር ተፈርዶበት እንደሆነ፣ ቀድሞ ክለብ አክስሮ እንደሆነ እና የመሳሰለውን ነበር። ገንዘብ አለህ ወይ፣ ካለህስ በምን መልክ ታስገባዋለህ፣ ብትተው ክለቡ ስንት ወር ይኖራል የሚል ጥያቄ አልነበረውም። ከዚህ ውድቀት በኋላ ነው ደንቡ እየጠበቀ የመጣው።

በዚያ ወቅት የተጫዋቾች ደመወዝ ደጋግሞ ዘገየ። ሊጉ ክለቡን አዲስ ተጫዋች እንዳያስፈርም አገደው፤ ለፖርትስማውዝ የሚገባውን የቴሌቪዥን ገንዘብ በከፊል ወስዶ በዝውውር ለሚጠይቁት ክለቦች በቀጥታ ከፈለ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ክለቡ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ከሰሰ። የካቲት 26 ቀን 2010 ፖርትስማውዝ በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ በኪሳራ አስተዳደር ሥር የገባ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። ዘጠኝ ነጥብ ተቀነሰበት። መጋቢት ላይ አስተዳዳሪው 85 ሠራተኞችን አሰናበተ። እነዚህ ቢሮ የሚሠሩ፣ ትኬት የሚሸጡ፣ ዕቃ የሚያወጡ ሰዎች እንጂ የተጫዋቾቹን ውል የፈረሙ አይደሉም።

ክለቡ በ19 ነጥብ የመጨረሻ ሆኖ ወረደ። ዘጠኙ ነጥብ ቢመለስለትም 28 ነበር የሚሆነው፤ ከበላዩ ያሉት 30 ስለነበራቸው አይተርፍም ነበር። የሚያስገርመው በዚሁ መሀል እንደገና ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ መድረሱ ነው። ሬድናፕ ያሠለጥነው የነበረውን ቶተንሃምን 2 ለ 0 አሸንፎ ቼልሲን ገጠመ። ኬቨን ፕሪንስ ቦአቴንግ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ፒተር ቼክ መለሰ፤ ድሮግባ በቅጣት ምት አገባ፤ 1 ለ 0። ቼልሲ ቻምፒዮንስ ሊግ ስለሚገባ የዩሮፓ ሊጉ ቦታ ለፖርትስማውዝ ይገባ ነበር፤ በኪሳራ ላይ ያለ ክለብ የአውሮፓ ፈቃድ ስለማያገኝ ቦታው ለሊቨርፑል አለፈ። በሜዳ ላይ የተገኘ ነገር በሒሳብ ክፍል ጠፋ።

አሁን ወደ ዕዳው ዝርዝር እንመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ክለብ ሲከስር ገንዘብ ጠያቂዎች በወረፋ ነው የሚቆሙት። ከፊት መያዣ ያለው አለ፤ እዚህ ላይ ቻይንራይና ጋይዳማክ፣ ማለትም የቀድሞና የወቅቱ ባለቤቶች። ቀጥሎ በእንግሊዝ እግር ኳስ የተለየ ደንብ አለ፤ ተጫዋቾችና ሌሎች ክለቦች ሙሉ በሙሉ ካልተከፈላቸው ክለቡ በሊጉ ውስጥ መቀጠል አይፈቀድለትም። ሎጂኩ ይገባኛል፤ አንድ ክለብ ሌላውን ገንዘብ ከልክሎ እየተወዳደረ መኖር የለበትም። ግን በዚያን ጊዜ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የቀረውን የሚከፋፈሉት ግብር ሰብሳቢው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ምግብ አቅራቢው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪው ነበሩ። በሰኔ 2010 የጸደቀው ስምምነት ለእነዚህ መደበኛ ገንዘብ ጠያቂዎች ከእያንዳንዱ ፓውንድ 20 ሳንቲም፣ ያውም በጊዜ ተከፋፍሎ፣ እንዲከፈል የሚል ነበር። 10,000 ፓውንድ የሚጠይቅ ድርጅት 2,000 ይደርሰዋል፤ ክለቡን ጥሎ የሄደ ኮከብ ግን ቀሪ ደመወዙን ከነሙሉው ይወስዳል።

የግብር መሥሪያ ቤቱ ይህን አልቀበልም ብሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ። የሚገርም ክርክር ነበር። እንዲህ ያለ ስምምነት የሚጸድቀው በገንዘብ መጠን ከተለካ 75 በመቶ ድጋፍ ካገኘ ነው። መሥሪያ ቤቱ ዕዳው 37 ሚሊዮን ፓውንድ ነው ይላል፣ አስተዳዳሪው 24 ሚሊዮን ብሎ ቆጠረው። ልዩነቱ የመጣው ተጫዋቾች በምስል መብት ስም፣ ማለትም ክለቡ ስማቸውንና ምስላቸውን ለንግድ እንዲጠቀምበት፣ ይከፈላቸው ከነበረው ገንዘብ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ያ ክፍያ ግብር የሚጣልበት ደመወዝ ነው ይላል። 37 ቢባል ኖሮ መሥሪያ ቤቱ ብቻውን ስምምነቱን ማስቆም ይችል ነበር። በነሐሴ ፍርድ ቤቱ ለክለቡ ፈረደ፤ ክለቡ ተረፈ። የእንግሊዝ ግብር ከፋይ ግን ለ2008ቱ ዋንጫ ሳያውቀው ሚሊዮኖች አዋጥቷል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ክለቡ ትምህርት ወስዷል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። አልወሰደም፤ ወይም የመውሰድ አቅም አልነበረውም። በሰኔ 2011 ሌላ ባለሀብት መጣ፤ የሊትዌኒያው ስኖራስ ባንክ ትልቅ ባለድርሻ የሆነው ሩሲያዊው ቭላድሚር አንቶኖቭ። በኅዳር የሊትዌኒያ መንግሥት ባንኩን ወረሰ፤ በቀናት ውስጥ አንቶኖቭ ለንደን ላይ በእስር ማዘዣ ተያዘ። ክለቡ በየካቲት 2012 ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ ውስጥ ገባ፤ አሥር ነጥብ ተቀነሰበት። የዚህ ጊዜው ቅጣት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ቡድኑ በሜዳ ላይ ለመትረፍ የሚበቃ ነጥብ ሰብስቦ ነበር፤ 50። ቅጣቱ ወደ 40 አውርዶት ወደ ሊግ ዋን፣ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። በዚያ በጋ ዋናው ቡድን በሙሉ ተበተነ። በሚያዝያ 2013 ወደ ሊግ ቱ፣ ወደ አራተኛው እርከን ወረደ። ዋንጫው ከተነሣ አምስት ዓመት አልሞላም።

ከአንቶኖቭ ታሪክ የምይዘው አንድ ነጥብ አለ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ፣ አሠልጣኝ ወይም ተጫዋች ምንም ሳይሳሳቱ፣ በሊትዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ ውስጥ በተወሰነ ውሳኔ ፖርትስማውዝ ውስጥ ደመወዝ ቆመ። በአንድ ሰው የሚኖር ክለብ የሚከስረው በእግር ኳስ ምክንያት ብቻ አይደለም። የሰውየው ባንክ፣ የሰውየው ፖለቲካ፣ የሰውየው ፍቺ፣ የሰውየው ሞት ሁሉ የክለቡ አደጋ ነው። በመጋቢት 2022 የብሪታንያ መንግሥት ሮማን አብራሞቪች ላይ ማዕቀብ ሲጥል ቼልሲ እንኳ ትኬት መሸጥ ተከልክሎ ለሳምንታት በልዩ ፈቃድ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ቼልሲን ያተረፈው ገዢ የሚሻማበት ትልቅ ክለብ መሆኑና አብራሞቪች ያበደረውን ከ1.5 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አልጠይቅም ማለቱ ነው። ፖርትስማውዝ ሁለቱም አልነበረውም።

ደጋፊዎቹ ግን ነበሩት። የፖምፒ ደጋፊዎች ማኅበር እያንዳንዱ አክሲዮን 1,000 ፓውንድ እንዲሆን ወስኖ መሸጥ ጀመረ። ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ገዙ። ብቻውን የማይችለው በቡድን እያዋጣ የገዛም አለ። ከእነሱ ሌላ ትልቅ ገንዘብ ያዋጡ የአካባቢው ነጋዴዎች ነበሩ፤ የከተማው ምክር ቤትም ብድር ሰጠ። ገንዘቡ ሲሰበሰብ የቀረው እንቅፋት ያው ፍራተን ፓርክ ነበር። ሜዳው በመያዣ የተያዘው በቻይንራይ ኩባንያ ስለሆነ፣ ዋጋው ላይ ሳይስማሙ ክለቡን መግዛት ሜዳ የሌለው ስም መግዛት ነው። ክርክሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በሚያዝያ 2013 በስምምነት ተፈታ፤ ሚያዝያ 19 ቀን ክለቡ የደጋፊዎቹ ሆነ። በእንግሊዝ በደጋፊ ከተያዙ ክለቦች ትልቁ ነበር።

በአራተኛው እርከን የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ፍራተን ፓርክ ላይ በኦክስፎርድ 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ ያን ለማየት ግን ከ18,000 በላይ ሰው መጥቶ ነበር። የቢዝነስ ዕቅዱ ራሱ ይህ ሕዝብ ነው። ከፕሪሚየር ሊግ ውጪ የቴሌቪዥን ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ የትኬት ገቢ ዋናው ምሰሶ ይሆናል፤ ለፕሪሚየር ሊግ ያነሰው 20,000 ወንበር ለሊግ ቱ ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ሀብት ሆነ። ያው ሜዳ ነው፤ የተለወጠው ወጪው ነው። ደመወዙ በገቢ ልክ ተቆረጠ። ቀደም ሲል ከነበሩት ተጫዋቾችና ገንዘብ ጠያቂዎች የወረሱትን ውዝፍ በየጊዜው እየከፈሉ በመስከረም 2014 ክለቡ ከዕዳ ነጻ መሆኑን አወጁ። ተጫዋቾቹ የተገዙት በሌላ ሰው ዘመን ነበር፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው። የ2008ቱን ዋንጫ ዋጋ ማን ከፈለ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ መጀመሪያ የምጠራው እነዚህን ነው።

በሜዳ በኩል አዝጋሚ ነበር። አራት ዓመት በሊግ ቱ ቆዩ። በ2016 በማለፊያ ጨዋታ ወደቁ። ግንቦት 2017 በመጨረሻው ቀን ቸልተንሃምን 6 ለ 1 አሸንፈው፣ የሌሎቹ ውጤት አግዟቸው፣ ሻምፒዮን ሆነው አደጉ።

በዚያው ወር ሌላ ጥያቄ ቀረበላቸው። የዋልት ዲዝኒ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ማይክል አይዝነር ክለቡን በ5.67 ሚሊዮን ፓውንድ ልግዛ አሉ፤ ተጨማሪ 10 ሚሊዮንም ክለቡ ውስጥ እንደሚያስገቡ ቃል ገቡ። ድምፅ ከሰጡት አክሲዮን ያዢዎች ስምንት አሥረኛ ያህሉ ይሸጥ አሉ። ከውጭ ሲታይ ዞረው ወደ ባለሀብት የተመለሱ ይመስላል፤ ስመለከተውም መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። ፍራተን ፓርክ ግን ለዓመታት የተጓተተ ትልቅ እድሳት ይፈልግ ነበር፤ ደጋፊ በ1,000 በ1,000 አዋጥቶ ቡድን ያቆማል እንጂ ያን ያህል ግንባታ መሸከም ይከብደዋል። ዋናው ልዩነት ግን የገንዘቡ መልክ ነው። 10 ሚሊዮኑ ቃል የተገባው በብድር ሳይሆን በካፒታል ነበር። ሁለተኛም የሸጡት ዕዳ የሌለበትን ክለብ ነው፤ ጉልበት ኖሯቸው፣ ጥያቄ ጠይቀው፣ ድምፅ ሰጥተው። ጋይዳማክ ለአል ፋሂም ሲሸጥ ማንም ደጋፊን አልጠየቀም።

ይህን ስጽፍ ሀሳቤ ወደ ሀገራችን ሊግ መሄዱ አልቀረም። በእኛ ዘንድ የባለሀብቱን ቦታ ብዙ ጊዜ የከተማ አስተዳደር፣ ክልል ወይም የመንግሥት ድርጅት ይይዘዋል። ክለቡ ከትኬትና ከማሊያ የሚያገኘው ከደመወዙ ጋር አይነጻጸርም፤ በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ከንቲባ ሲቀየር የክለቡ ዕጣ ይቀየራል። ባለቤቱ ግለሰብ አይደለም እንጂ፣ ቪልኒየስ ላይ ውሳኔ ሲወሰን ፖርትስማውዝ ላይ ደመወዝ የቆመበት አሠራር ያው ነው። ለአንድ የእኛ ክለብ ሥራ አስኪያጅ የምጠይቀው ሦስት ነገር ቢኖር እነዚህ ናቸው፦ የዘንድሮ ደመወዝ ከራሳችሁ ገቢ ስንት እጁ ነው? ከላይ የሚመጣው ገንዘብ ነገ ቢቆም ስንት ወር ትከፍላላችሁ? የምትጫወቱበት ሜዳ በማን ስም ነው?

አይዝነር ከገዙ በኋላ ክለቡ ለሰባት ዓመት ሊግ ዋን ውስጥ ቆየ፤ ሜዳው እየታደሰ፣ ደጋፊው ለምን አይወጣም እያለ ሲያጉረመርም። ሚያዝያ 16 ቀን 2024 ባርንስሊን 3 ለ 2 አሸንፎ በሻምፒዮንነት ወደ ቻምፒዮንሺፕ፣ ወደ ሁለተኛው እርከን ተመለሰ፤ ከ2012 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ሕዝቡ ወደ ሜዳው ጎረፈ። ከጎረፉት መካከል በ2013 አክሲዮን የገዙት ይኖራሉ፤ በ2017 ሽያጩ ሲጠናቀቅ ያዋጡት 1,000 ፓውንድ ተመልሶላቸዋል።